ሞተር ፓምፕ ከመኪና መንገድ ወደ ወንዝ ሲወርድ

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ፓምፕ ውሃ እንዴት እንደሚስብ ሳይሆን እንዴት እንደሚጓጓዝ ነው። ፓምፕ የሚበላሸው በሥራ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጋሪ ላይ ሲንገጫገጭ፣ በአህያ ጀርባ ሲወዛወዝ፣ በቁልቁለት ሲንሸራተትም ይሰበራል። በበጋ፣ ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ ፓምፑ ቢሰበር፣ መለዋወጫው ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር እስኪመጣ ማሳው አይጠብቅም። ፓምፑ በማኅበር የተገዛ ከሆነ ደግሞ የአንድ ሰው ቸልተኝነት የብዙ ቤት ጉዳት ይሆናል።

አገራችሁ ለከባድ ጭነት እንግዳ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን የሴባስቶፖልን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጋይንት በኩል አልፈዋል። ጉዞው ወራት ፈጀ፤ መድፉ እንዲያልፍ አስቀድሞ መንገዱ መጠረግና መደልደል ነበረበትና። ከዚህ የምንማረው ከባድ ዕቃ በጉልበት ብቻ ሳይሆን በዝግጅትም እንደሚጓዝ ነው።

ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ክብደቱ በጠንካራው ክፍል ላይ ይረፍ፣ በደካማው አይንጠልጠል። በጣና ሐይቅ ትንሽ የሞተር ጀልባ ያየ ሰው ሞተሩ ከጀልባዋ ኋላ ተሰቅሎ እንደሚሠራ ያውቃል። በውሃ ላይ ይህ ችግር የለውም። ነገር ግን ጀልባዋ በተጎታች ተጭና በየብስ ስትሄድ ጉድጓዱና ድንጋዩ ሞተሩን እየናጠ የተሰቀለበትን የኋላ ሳንቃ ይጎዳዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች በሞተሩና በተጎታቹ ብረት መካከል ድጋፍ ያደርጋሉ። ፓምፕም እንደዚሁ ነው። ጠንካራው ክፍል ሞተሩ የተቀመጠበት የብረት እግር ነው። ደካሞቹ የቱቦው አፍ፣ ሰልባቲዮውና ማርሚታው ናቸው።

እንግዲህ አሠራሩን በተራ እንመልከት።

አንደኛ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ማርሚታ ገለባ ያቀጣጥላል፤ የሰው እጅና የአህያ ገላም ያቃጥላል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በሰልባቲዮው የቀረውን ቤንዚን ለነዳጅ በተሠራ ክዳን ባለው ዕቃ አውጡት፤ የነዳጁን ቧንቧም ዝጉ። ይህ ሲሠራ በአካባቢው እሳትም ሲጃራም አይኑር። በፓምፑ ውስጥ የቀረውን ውሃም አፍስሱት።

ሦስተኛ፣ መሳቢያውንና መግፊያውን ቱቦ ፍቱ። ቱቦው ከነማጣሪያው እንደተንጠለጠለ ቢጓዝ እየተወዛወዘ የፓምፑን አፍ ይሰነጥቀዋል። ቱቦውን ጠቅልላችሁ ለብቻው ጫኑት፤ የፓምፑንም አፍ አፈርና ጠጠር እንዳይገባበት በጨርቅ ድፈኑት።

አራተኛ፣ በጋሪ ሲጫን ፓምፑ በብረት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በጎኑ አይተኛ። ከተኛ የሞተሩ ዘይት ወደ አየር ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ቦታው ከጋሪው እግሮች በላይ፣ ጥቂት ወደ ፊት ይሁን። ወደ ኋላ ከበዛ የጋሪው እንጨት ወደ ላይ እየተነሣ እንስሳውን ያንቀዋል፤ ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ክብደቱ በጀርባው ላይ ያርፋል። ከብረት እግሩ ሥር ያረጀ ጎማ ቁራጭ አንጥፉ።

አምስተኛ፣ መጫኛውን ከአራቱም የብረት እግሩ ማዕዘን ወደ ጋሪው እንጨት አጥብቃችሁ እሰሩ። በሰልባቲዮው፣ በማርሚታው ወይም በማስነሻው ገመድ ላይ ምንም አይታሰር። ጥቂት እንደተጓዛችሁ ቆማችሁ ማሰሪያውን እንደገና አጥብቁ፤ ገመድ በመጀመሪያው መንገጫገጭ ይላላልና። በዳገት ላይ ስትቆሙ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ፤ ከጋሪው በታች በኩልም ማንም ሰው አይቁም።

ስድስተኛ፣ ጋሪ በማይገባበት፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ ፓምፑን በሰው መሸከም ይሻላል። ሁለት ጠንካራ የባሕር ዛፍ እንጨት ከብረት እግሩ ሥር አሳልፋችሁ እንደ ቃሬዛ እሰሩና አራት ሰው ይሸከመው። ቁመታቸው የሚቀራረብ ይሁን፤ አንድ ሰው ደግሞ ከፊት መንገድ ይመልከት። ለአህያ የምትጭኑ ከሆነ ትንሹን ፓምፕ ብቻ፣ በወፍራም ድብዳብና በጭነት ኮርቻ ላይ፣ በሁለቱም ጎን ሚዛኑን ጠብቃችሁ ጫኑ፤ ጠቅላላው ጭነት ከ40 ኪሎ አይብለጥ። የቆሰለ ጀርባ ያለው አህያ ግን ፈጽሞ አይጫን።

ሰባተኛ፣ ወንዙ ዳር ስትደርሱ ፓምፑን በደልዳላ መሬት አቁሙና ቡሎኖቹን፣ ዘይቱንና የፓምፑን አካል መርምሩ። በመንገድ ተኝቶ ከነበረ ቀጥ አድርጋችሁ ለጥቂት ጊዜ አቆዩት፤ ከዚያ የማስነሻውን ገመድ በዝግታ ሳቡ። ገመዱ እምቢ ካለ በጉልበት አትታገሉት፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ገብቶ ይሆናል። ካንዴላውን ፈትታችሁ፣ ፊታችሁን ከቀዳዳው አርቃችሁ ገመዱን በቀስታ ስትስቡ ዘይቱ ይወጣል።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ የመስኖ ወራት ከመግባቱ በፊት የማኅበሩን አባላት ሰብስባችሁ ይህን ሁሉ በእጃቸው አሠሯቸው። አንድ ጊዜ የጫነና ያወረደ ሰው አሥር ጊዜ ከሰማው ይልቅ ያስታውሳል። ገበሬዎችም የሚጓዘውን ፓምፕ የሚቆጣጠር አንድ ኃላፊ ከመካከላችሁ ምረጡ።

ለመጫን የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት የበጋውን ድካማችሁን ያድናል።