ኮምፓይለሩ ያልጠየቀኝ ሰዓት



እንጦጦ ላይ እንገናኝ ስትሉኝ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። በተመረቅኩ ሰሞን፣ ከዚህ በታች የካ ውስጥ ላለ አንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ፕሮግራም በሲ ሻርፕ ጻፍኩ። ዶት ኔት የአይሁድን፣ የፋርስን፣ የጃፓንን ዘመን አቆጣጠር ይዞ ይመጣል፤ የኛን ግን አልያዘም። ስለዚህ ካሌንደር ከሚባለው ክላስ ወርሼ የኢትዮጵያን ራሴ ሠራሁ።

ያ ክላስ ሁለት ዓይነት ሜተድ ያወርሳል። አብስትራክቱ ስም እንጂ አካል የለውም፤ ወራሹ ካልጻፈው ኮምፓይለሩ አያሳልፍም። «ዓመቱ ስንት ወር ነው? ወሩስ ስንት ቀን?» ብሎ አፋጠጠኝ። 13 ወር፤ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ብዬ መለስኩ። ቨርቹዋሉ ግን አካል አለው፤ ከፈለግህ ትቀይረዋለህ፣ ከተውከው የወላጁ ይሠራል። ቀን መጨመሪያው ቨርቹዋል ነው፤ ቀን የትም ቀን ስለሆነ ጉዳት የለውም። ሰዓት የሚያወጣው ጌት አወርም ቨርቹዋል ነው። እሱ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል። ኮምፓይለሩ አልጠየቀኝም፤ እኔም ረሳሁት።

ቀኑ በኛ አቆጣጠር ልክ ወጣ። ጠዋት 2 ሰዓት መባል የነበረበት ቀጠሮ ግን «8 ሰዓት» ተብሎ ታተመ። እኚያ እናት ከእንጦጦ ቁልቁል በእግራቸው ወርደው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ደረሱ። ሐኪሙ ሄዷል። እኔ እዚያው ነበርኩ። «ልጄ፣ ወረቀቱ እኮ ስምንት ነው የሚለው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሰዓቱን በ6 ማዛወር የደቂቃ ሥራ ነው። ሌላው እንዳይረሳ ማድረጉ ነው ያሳሰበኝ። ሲ ሻርፕ ቨርቹዋልን መልሶ አብስትራክት ማድረግ ይፈቅዳል። በመሃል አንድ ክላስ አስገብቼ ጌት አወርን «አብስትራክት ኦቨርራይድ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሱ የሚወርስ ባልደረባዬ ሁሉ ስለ ሰዓቱ ሳይመልስ አያልፍም።

መምህሮቻችን፣ ተማሪ የሁለቱን ልዩነት ለፈተና ያውቀዋል። እባካችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፦ ወራሹ ዝም ቢል የሚጎዳ ሰው አለ? ከሌለ ቨርቹዋል ይበቃል። ካለ አብስትራክት ይሁንና ኮምፓይለሩ ይጠይቅ።

ምሳ 7 ሰዓት ነው፤ በኛ አቆጣጠር!