የጡት ኢምፕላንት ዓይነቶችን ለይቶ ስለ ማወቅ



የዛሬው ርእሳችን በብዙዎች ዘንድ የውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። በካንሰር ምክንያት ጡቷ በቀዶ ጥገና ለተወገደ ሴት ግን የአካልን ቅርጽ መልሶ የመገንባት ሕክምና ነው። ስለዚህ ዓይነቶቹን ለይቶ ማወቅ የሐኪሙም የታካሚዋም ድርሻ ይሆናል።

የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ጡት ውስጥ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ከተማ ነው። ዛሬ በስፋት የሚታወቁት ዓይነቶች ሁለት ናቸው፦ ባለ ጄልና ባለ ጨው ውሃ። የሁለቱም ቅርፊት ከሲሊኮን የተሠራ ነው፤ የሚለያዩት በሙሌታቸው ነው። ጄሉ ሲዳሰስ ለተፈጥሮ ጡት የቀረበ ነው። የጨው ውሃው ደግሞ ባዶ ቅርፊቱ ከገባ በኋላ ሊሞላ ስለሚችል አነስተኛ ቁስል ይበቃዋል።

ዋናው ልዩነት የሚገለጠው ግን ቅርፊቱ ሲቀደድ ነው። የፈሰሰውን የጨው ውሃ ሰውነት ይመጠዋል፤ ጡቱ ስለሚሟሽሽም ሴትየዋ ታውቃለች። ጄሉ ግን በአብዛኛው ባለበት ስለሚቆይ ጉዳቱ ያለ ምልክት ለዓመታት ሊሰወር ይችላል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር፣ ባለ ጄል ኢምፕላንት ያላቸው ሴቶች ምልክት ባይታይባቸውም ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲመረመሩ አሳስቧል።

ሌላው መለያ የቅርፊቱ ገጽ ነው፤ ልሙጥ ወይም ሻካራ ይሆናል። ሻካራው ኢምፕላንቱ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይረዳል ተብሎ የተሠራ ነው። ሆኖም በአብዛኛው ከዚሁ ገጽ ጋር የተያያዘ፣ ከጡት ካንሰር የተለየ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት የሊምፎማ ዓይነት ታወቀ። ከተከላው ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የጡት እብጠት አንዱ ምልክቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የተሰኘውን ሻካራ ምርቱን ከዓለም ገበያ ሰበሰበ።

ከዚህ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ፒአይፒ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ለሕክምና ያልተፈቀደ የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሲጠቀም መገኘቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ጊዜ «በሰውነቴ ውስጥ ያለው የትኛው ነው?» ብላ ለምትጠይቅ ሴት መልስ የሚሰጣት የተጠበቀ ማስረጃ ብቻ ነው።

«የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። «ቢበላሽ በምን አውቃለሁ?» የሚለውም አብሮት ይጠየቅ። ሐኪም የሆናችሁና የምትሆኑ ሁሉ የአምራቹን ስም፣ የኢምፕላንቱን ዓይነትና መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ለታካሚዋ ስጧት። ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም፤ የተተከለበት ሀገርና ወደፊት የምትታከምበት ሀገርም ላይገናኙ ይችላሉ።