ከከበርቴው መንገድ ምን ተረፈ?

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



መንገድ ሲመረቅ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። መንገድ ሲዘጋ ግን አስተዛዛኝ የለውም። ሣር ይበቅልበታል፤ ድልድዩ ይፈርሳል፤ መሬቱም ለሌላ ሥራ ይሰጣል። ከአንድ ትውልድ በኋላ በዚያ ስፍራ የሚኖረው ሰው ከቤቱ ሥር መንገድ አልፎ እንደ ነበረ እንኳ አያውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ እንዲህ ያለ ዕድል ስለ ደረሰበት አንድ ታላቅ መንገድ፥ እንዲሁም ፍርስራሹን ከየጫካውና ከየጓሮው እየፈለጉ ታሪኩን መልሰው ስላገኙ ሰዎች ነው። መንገዱ የሚገኘው በአሜሪካ፥ ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ምሥራቅ በተዘረጋችው በሎንግ አይላንድ ደሴት ሲሆን፥ ስሙ የሎንግ አይላንድ ሞተር ፓርክዌይ ይባላል። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ታሪኩን ከመነሻው እንያዝ።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አውቶሞቢል የሀብታሞች መጫወቻ ነበረ። ከእነዚያ ሀብታሞች አንዱ፥ በመርከብና በባቡር ሥራ ከበለጸገው ከቫንደርቢልት ቤተ ሰብ የተወለዱት ሚስተር ዊልያም ኪሳም ቫንደርቢልት ዳግማዊ ነበሩ። እኒህ ሰው ፍጥነትን እጅግ ይወዱ ስለ ነበረ፥ በ1904 የቫንደርቢልት ዋንጫ የተባለውን የአውቶሞቢል ሽቅድምድም በሎንግ አይላንድ አቋቋሙ። ሽቅድምድሙ የሚደረገው ገበሬው እህሉን በጋሪ በሚያመላልስበት በሕዝብ መንገድ ላይ ነበረ። ተመልካቹም በብዙ ሺህ እየሆነ ይመጣና የመንገዱን ዳር አልፎ ወደ መካከል ይገባ ነበር። በ1906 በተደረገው ውድድር አንድ ተመልካች በመኪና ተገጭቶ ሞተ። በሚከተለው ዓመት ውድድሩ ሳይደረግ ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚያው ላይ ይተወው ነበር። ሚስተር ቫንደርቢልት ግን ጋሪ የማይገባበት፥ እግረኛ የማይሻገረው፥ ለአውቶሞቢል ብቻ የሚሆን የግል መንገድ ለመሥራት ቈረጡ። ከወዳጆቻቸው ጋር ኩባንያ አቋቁመው፥ መሬት ገዝተው፥ በ1908 በጁን ወር ቁፋሮው ተጀመረ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የመጀመሪያው ክፍል ተከፈተ፤ በወሩም መጨረሻ ላይ የዋንጫው ውድድር ከፊሉ በዚህ አዲስ መንገድ ላይ ተደረገ። ጆርጅ ሮበርትሰን የተባለው ነጂ ሎኮሞቢል በተባለች፥ 16 ቁጥር በተጻፈባት መኪና አሸነፈ። አሜሪካ የሠራችው መኪና ያን ዋንጫ ስታገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበረ። ያችም መኪና እስከ ዛሬ በሚቺጋን፥ በዲርቦርን ከተማ በሚገኘው በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ትታያለች።

መንገዱ በየጊዜው እየተቀጠለ ሄዶ፥ በመጨረሻ ከኒው ዮርክ ከተማ ከኩዊንስ ክፍል እስከ ሮንኮንኮማ ሐይቅ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ደረሰ። አሠራሩ በዚያ ዘመን እንግዳ ነበረ። ወለሉ በብረት ሽቦ የተጠናከረ ኮንክሪት ነው። በመዞሪያዎቹ ላይ መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ከመንገድ እንዳይወጣ የውጪው ወገን ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መስቀለኛ መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ሌላ መንገድ ወይም የባቡር ሐዲድ ባጋጠመ ቊጥር ፓርክዌዩ ወይ በላዩ ወይ በሥሩ ያልፋል። ለዚህም ከ60 የሚበልጡ ድልድዮች ተሠርተዋል። በኢጣልያ ከሚላኖ ወደ ሐይቆቹ የሚወስደው የአውቶሞቢል መንገድ የተከፈተው በ1924 መሆኑን ስናስታውስ፥ የሎንግ አይላንዱ ሥራ ከዘመኑ ምን ያህል ቀድሞ እንደ ነበረ እንረዳለን።

ነገር ግን መንገዱ ኬላ ነበረው። በየመግቢያው ቆንጆ የኬላ ቤት ተሠርቶ ኬላ ጠባቂው ከነቤተ ሰቡ ይኖርበት ነበር። ከኬላ ቤቶቹ ከፊሎቹን የነደፉት፥ ኋላ በዋሽንግተን የቶማስ ጄፈርሰንን መታሰቢያ የነደፉት ጆን ራስል ፖፕ ናቸው። በ1908 አንድ መኪና ለማለፍ የሚከፍለው 2 ዶላር ነበረ። ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደ ነበረ ለመገመት፥ ሄንሪ ፎርድ በ1914 የሠራተኛውን ደመወዝ ከመጨመሩ በፊት በፋብሪካው አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚያገኘው 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል። እንግዲህ ያ ሠራተኛ የአንድ ቀን ድካሙን ከሞላ ጐደል ለኬላው ሊከፍል ነው ማለት ነው። መንገዱ ለማን እንደ ተሠራ ከዚህ ይታወቃል።

የመንገዱ ውድቀትም ከዚህ ጀመረ። በ1910 በተደረገው ውድድር ከነጂዎቹ ጋር ተቀምጠው ይሄዱ ከነበሩት መካኒኮች ሁለቱ ሞቱ፤ ከተመልካቾቹም ብዙዎች ቈሰሉ። ከዚያ ወዲህ ሽቅድምድሙ ከዚህ መንገድ ላይ ቀረ። መንገዱ የተሠራበት ዋናው ምክንያት በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ኩባንያው ግን ኬላውን ይዞ ቀጠለ። የማለፊያው ዋጋ እየቀነሰ ሄዶ 1 ዶላር፥ በመጨረሻም 40 ሳንቲም ደረሰ። ዋጋው ሲቀንስ ግን ሌላ ነገር እየመጣ ነበር። መኪና የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጸሐፊውም የመምህሩም ንብረት ሆነ። በኒው ዮርክ ግዛት የመናፈሻና የመንገድ ሥራ የሚመሩት ሚስተር ሮበርት ሞሰስም ሰፋፊ የሆኑ፥ በዛፍ የታጀቡና ኬላ የሌላቸው አዳዲስ ፓርክዌዮች በደሴቲቱ ላይ ዘረጉ። ከእነዚህም አንዱ ኖርዘርን ስቴት ፓርክዌይ የተባለው፥ ከአሮጌው መንገድ ብዙም ሳይርቅ የሚያልፍ ነበረ። በነጻ የሚኬድበት ሰፊ መንገድ አጠገብ ሳለ፥ በጠባብና በሚያረጅ መንገድ ላይ ለመሄድ ማን ይከፍላል? በ1938 ፓርክዌዩ ተዘጋ። ኩባንያው 80,000 ዶላር ያህል ውዝፍ ግብር ስለ ነበረበት፥ በዕዳው ፈንታ መሬቱን ለመንግሥት አስረከበ።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮቼ፥ በተለይም በቢሮ ተቀምጣችሁ ዶሴ የምትመረምሩ ወገኖቼ፥ ከዚህ በኋላ ያለውን ነገር ልብ ብላችሁ እንድትሰሙ እለምናችኋለሁ። መንገዱ በሦስት አውራጃዎች ውስጥ ያልፍ ስለ ነበረ፥ መሬቱም ለሦስት ተከፈለ። አንድ መንገድ በአንድ ዓመት በሦስት አስተዳደሮች እጅ ወደቀ፤ ዕድሉም ሦስት ዓይነት ሆነ።

በኩዊንስ ርክክቡን የተቀበለው የከተማው የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ነበረ። የዚህ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደግሞ እኒያው መንገዱን ያሸነፉት ሚስተር ሮበርት ሞሰስ ነበሩ። እሳቸውም መንገዱን አላስፈረሱትም። በዚያው በ1938 ከከኒንግሃም ፓርክ እስከ አሊ ፖንድ ፓርክ ያለውን 4 ኪሎ ሜትር ያህል የብስክሌት መንገድ አደረጉት። የቀድሞው ለመክፈል ላልቻለ ሁሉ የተዘጋ ነበረ፤ አሁን ሕፃን በብስክሌት፥ ሽማግሌ በእግሩ ይመላለስበታል። ይህ ክፍል በ2002 በአሜሪካ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ላይ ተጽፏል።

በምሥራቅ በኩል በሰፎክ ደግሞ አውራጃው መንገዱን እንደ መንገድ ያዘው። ከዲክስ ሂልስ እስከ ሮንኮንኮማ ያለው ክፍል ቊጥር 67 የአውራጃ መንገድ ተብሎ፥ ሞተር ፓርክዌይ የሚለውን ስሙን እንደ ያዘ እስከ ዛሬ መኪና ይሄድበታል። ኬላ የለበትም።

በመካከል ያለችው ናሶ ግን ሌላ ሥራ ሠራች። መሬቱ ተቈራርጦ ከፊሉ ለኤሌክትሪክ ምሰሶ፥ ከፊሉ ለመኖሪያ ቤት ዋለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተመለሱት ወታደሮችና ለቤተ ሰቦቻቸው በብዙ ሺህ የሚቈጠር ቤት በፍጥነት የተሠራባት ሌቪታውን የተባለችው መንደር ያደገችው ይኸው መንገድ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ነው። ይህን ስናገር የናሶን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። ቤት የሌለው ሰው ቤት ሊያገኝ፥ መብራት የሌለው ሰው መብራት ሊያገኝ ይገባዋል። ነገር ግን ቤት መሥራትና ምልክት መተው አይጣሉም ነበር። መንገዱ በዚህ ያልፍ ነበር የሚል አንዲት ድንጋይ ቢተክሉ ኖሮ፥ የኋላው ትውልድ ይህን ያህል ባልደከመ ነበር።

የታሪክ ወዳጆቹ ድካም የሚበዛውም በናሶ ነው። እነዚህ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያስተምሩ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። የመንደራቸውን ነገር የሚወዱ፥ የዕረፍት ቀናቸውን ለዚህ የሰጡ ሰዎች ናቸው። መንገዱን ለመጠበቅም ማኅበር አቋቁመዋል። አሠራራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወደ ወረቀቱ ይሄዳሉ። የድሮውን የመሬት ካርታና የሽያጭ ውል ይመረምራሉ፤ የድሮ ፖስት ካርድና የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ይለቅማሉ። በ1924 የኒው ዮርክ ከተማ ሁሉ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ ተነሥቶ ስለ ነበረ፥ መንገዱ በኩዊንስ እንዴት ይጠማዘዝ እንደ ነበረ በዚያ ላይ በግልጥ ይታያል። የድሮውን ሥዕል በዛሬው ካርታ ላይ ሲያነጥፉት መንገዱ በማን ጓሮ እንደሚያልፍ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ወደ መሬቱ ይወርዳሉ። መሬትም ለሚያነብበት ሰው እንደ መጽሐፍ ነው። በጫካ ውስጥ ያለ ምክንያት ተስተካክሎ የተደለደለ አፈር ቢያዩ፥ ያ የመንገዱ ድልድል ነው። በቅጠል የተሸፈነ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ቢረግጡ፥ ያ ወለሉ ነው። በሁለት ቤቶች መካከል አንድ የኮንክሪት ምሰሶ ብቻውን ቆሞ ቢያገኙ፥ ያ የመንገዱ አጥር ነበረ። ጐዳናዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ሳሉ አንድ የቦታ ወሰን ያለ ምክንያት ገደድ ብሎ ቢያልፍ፥ ያን ወሰን ያሰመረው ጐረቤት ከጐረቤት ተጣልቶ ሳይሆን የሞተው መንገድ ነው። የኤሌክትሪኩ ምሰሶ በረድፍ የሚሄድበት ጠባብ መሬትም እንዲሁ ይመሰክራል። መሬቱ ተቈራርጦ ቢሰጥም ቅርጹ አልጠፋም።

የቤቱን ባለቤት አስፈቅደው ወደ ጓሮው የገቡ እንደ ሆነ፥ ያ ሰው ዘወትር የሚሰናከልበት ግንብ የድልድይ መደገፊያ መሆኑን ሲሰማ ይደነቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም የመንገዱ ጠባቂ ይሆናል። በጋርደን ሲቲ የነበረው የኬላ ቤትም የተረፈው ዋጋውን ያወቁ ሰዎች ስለ ተገኙ ነው። በ1989 ከነበረበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ከተማው መካከል ተወሰደ፤ የንግድ ምክር ቤቱም ጽሕፈት ቤት ሆነ።

አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ከበርቴዎች ለተዝናኑበት መንገድ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ይህ ነው። ያ መንገድ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፥ ጥበቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ዓላማው ጠባብ የሆነ ሥራ እንደማይቈይ ነው። ድልድዩ፥ መዞሪያው፥ መስቀለኛ መንገድ አለመኖሩ፥ ይህ ሁሉ ትክክል ስለ ነበረ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ኬላው ግን ሕዝቡን ከውጪ ስላስቀረ፥ ሕዝቡ የራሱን መንገድ ባገኘ ጊዜ ኬላው ባዶ ቀረ። ሁለተኛው፥ ሥራ ከተተወ በኋላ ዕድሉ የሚወሰነው በተቀበለው መሥሪያ ቤት እጅ መሆኑን ነው። ይህን ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ብናነብበው በቶሎ እንረሳዋለን። ግንቡን በእጃችን ስንነካው ግን አንረሳውም።

በ1938 በሦስቱ አውራጃዎች ወረቀቱን የፈረሙት ሹማምንት ስለ ታሪክ ማሰባቸውን እጠራጠራለሁ። በጠረጴዛቸው ላይ የቀረበላቸው ውዝፍ ግብር ያለበት አንድ ዶሴ ነው። ፈረሙ፤ ወደ ሌላ ዶሴ ተሻገሩ። የዚያች ፊርማ ነገር ግን በአንዱ ስፍራ ሕፃናት የሚጫወቱበት መንገድ ሆነ፤ በሌላው ስፍራ ከጓሮ የሚቈፈር ስባሪ ኮንክሪት ሆነ።

ስለዚህ ክቡራን ወገኖቼ፥ ነገ በቢሯችሁ አሮጌ ካርታ፥ የተዘጋ የሥራ ውል፥ ወይም ቀኑና ቦታው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ብታገኙ፥ ቦታ ያጣብባል ብላችሁ ለመጣል አትቸኵሉ። ቀኑን ጻፉበት፤ ቦታውን ጻፉበት፤ በማኅደሩ አኑሩት። አሮጌ ሥራ ለማፍረስ ስትፈርሙም፥ ማፍረሱ የግድ ቢሆን እንኳ፥ በዚህ ስፍራ እንዲህ ያለ ነገር ነበረ የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። የሎንግ አይላንድ የታሪክ ወዳጆች መንገዳቸውን ያገኙት፥ ስማቸው በማይታወቅ ጸሐፊዎች እጅ በተጠበቀ ወረቀት ነው። ከእናንተም በኋላ የሚመጣ አንድ ፈላጊ ይኖራል፤ የሚያገኘው ግን ያኖራችሁለትን ብቻ ነው።