ስለ ጡረታ የተከራከሩ እንደራሴ፤ ከወይዘሮ ባርባራ ካስል ሥራ ለእድራችን የሚሆን ትምህርት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





በቅድሚያ በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን አባሎቻችንን ፈጣሪ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን እያልን፣ በተሰጠን አጭር ጊዜ ስለ ጡረታ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። የምንናገረው በሩቅ አገር በእንግሊዝ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ስለ ጡረተኛ ሲሟገቱ ስለ ኖሩ አንዲት የሕዝብ እንደራሴ ነው። «የእንግሊዝ ነገር ለእኛ እድር ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ድንኳናችንና ወደ ሣጥናችን ስለሚመለስ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀብርን በማኅበር ማሰብ የእኛ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በእንግሊዝም በ19ኛው መቶ ዘመን ሠራተኛው ሕዝብ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያዋጣ የቀብር ማኅበር ያቆም ነበር። ድኻው ከምንም አብልጦ የሚፈራው ወገን እንደሌለው ሰው ከድኾች የጋራ ጉድጓድ መጣልን ነበርና። «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚለው የእኛ አባባል በዚያም አገር ይሠራል ማለት ነው። ለቀብሩ እንዲህ ያሰበው ሠራተኛ ለእርጅናው ግን የሚያስብለት አልነበረም። ጉልበቱ ሲያልቅ ልጅ ያለው ወደ ልጁ፣ የሌለው ወደ ድኾች መጠለያ ይገባ ነበር።

በ1908 ሎይድ ጆርጅ የተባሉት የገንዘብ ሚኒስትር ባስጸደቁት ሕግ፣ ዕድሜው 70 ዓመት ለሞላ ድኻ በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ጡረታ ተፈቀደ። ገንዘቡ መከፈል የጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1909 ጀምሮ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 በወጣው ሕግ ደግሞ ሠራተኛውና አሠሪው በየሳምንቱ እያዋጡ የጡረታ፣ የሕመምና የሥራ አጥነት ክፍያ ለሁሉም እንዲደርስ ተደረገ። በዚሁ ሕግ ከ1949 ጀምሮ ለሟች ቤተሰብ 20 ፓውንድ የቀብር እርዳታ ይሰጥ ጀመር። መንግሥት ራሱ እድር አቆመ ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ይህችን 20 ፓውንድ እባካችሁ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ወይዘሮ ባርባራ ካስል በ1910 የተወለዱ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ልጅ ናቸው። በ1945 ብላክበርን ከምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ በሌበር ፓርቲ ስም ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። ሳያቋርጡም እስከ 1979 ድረስ ለ34 ዓመት ያንኑ ሕዝብ ወክለው ቆዩ። በዚያን ጊዜ በፓርላማው የነበሩት ሴቶች ከጥቂት አይበልጡም ነበር።

እኚህ ሴት ትንሽ ትልቅ ሳይሉ ተራው ሰው የሚቸገርበትን ነገር እየፈለጉ ያነሡ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በሴቶች የሕዝብ መጸዳጃ በር ላይ የሚሽከረከር የብረት ማገጃ ይደረግ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ዕቃ የተሸከመች አሮጊት እንዴት ትለፍበት? ይህን ጉዳይ ክቡራን እንደራሴዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ማንሣት የሚያሳፍር መስሎ የታየው ሳይኖር አይቀርም። ወይዘሮ ባርባራ ግን አላፈሩም፤ በ1963 ማገጃው እንዲነሣ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ከዚያም የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። ራሳቸው መኪና መንዳት የማይችሉ ሚኒስትር ተብለው ቢታሙም፣ ጠጥቶ የሚነዳ ሹፌር በትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ እንዲመረመር የሚያደርገውን የ1967 ሕግ አስወጡ። በ1970 ደግሞ ለእኩል ሥራ ሴትና ወንድ እኩል ደመወዝ እንዲከፈላቸው የሚያዘውን ሕግ በፓርላማ አሳለፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። በ1974 የማኅበራዊ አገልግሎት ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ፣ የአንድ ጡረተኛ የሳምንት ክፍያ 7 ፓውንድ ከ75 ሳንቲም ነበር። በጁላይ ወር 1974 ይህን ወደ 10 ፓውንድ አሳደጉት። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ጭማሪ ማድረግ ለሹም አዲስ ነገር አይደለም። የእርሳቸው ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። ለረጅም ዘመን ጡረታ የሚጨመረው መንግሥት ሲፈቅድ፣ ይልቁንም ምርጫ ሲቀርብ ነበር። ጡረተኛው ደጅ ጠኚ ነው ማለት ነው። በወይዘሮ ባርባራ ዘመን ግን መሠረታዊው ጡረታ በየዓመቱ ከሁለት ነገሮች ከበለጠው ጋር አብሮ እንዲያድግ በሕግ ተጻፈ። ይኸውም የሠራተኛው ደመወዝ የጨመረ እንደሆነ በደመወዙ ልክ፣ የገበያው ዋጋ የበለጠ የጨመረ እንደሆነ በዋጋው ልክ ማለት ነው። ጡረታ ከሕይወት ጋር ታሰረ።

በ1975 ያስጸደቁት የጡረታ ሕግ ሌላም ነገር ነበረበት። ሴት ልጅ ልጆቿን ለማሳደግ ወይም በሽተኛ ለማስታመም ቤት የዋለችበት ዘመን መሠረታዊ ጡረታዋን እንዳይጎዳባት አደረገ። እናቶቻችን ይህን በደንብ ይረዱታል። ልጅ ማሳደግና ማስታመም ሥራ አይደለም የሚል ሰው፣ እስቲ አንድ ሳምንት ይሞክረው።

በ1976 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ካላሃን ወይዘሮ ባርባራን ከሹመታቸው አነሡ። የሰጧቸውም ምክንያት የካቢኔውን አማካይ ዕድሜ ዝቅ ለማድረግ ነው የሚል ነበር። ስለ አረጋውያን ሲከራከሩ የነበሩት ሚኒስትር በ65 ዓመታቸው «አርጅተዋል» ተብለው ተሰናበቱ። የዚህን ነገር ምጸት ለእናንተ ለጡረተኞች ማብራራት አያስፈልገንም።

ከዚያ በኋላ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት መጣ። በ1980 ባወጣው ሕግ ጡረታ ከደመወዝ ጋር የታሰረበት ገመድ ተቆረጠና ከገበያ ዋጋ ጋር ብቻ እንዲሄድ ተደረገ። ታዲያ «ከኑሮ ውድነት ጋር ከጨመረ ምን ጎደለበት?» ይባል ይሆናል። በመዝገብ ቤት ዕድሜያችንን የፈጀን ሰዎች ስለሆንን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል የሠራተኛ ደመወዝ 100 ሲሆን ጡረታ 25 ነው እንበል። ደመወዝ በየዓመቱ 5 ከመቶ፣ ዋጋ ደግሞ 3 ከመቶ ቢጨምር፣ ከ20 ዓመት በኋላ ደመወዙ 265፣ ጡረታው 45 ይሆናል። ጡረታው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ነገር ግን በፊት የደመወዝ አንድ አራተኛ የነበረው ወደ አንድ ስድስተኛ ወረደ። ጎረቤት ሁሉ ሲያድግ እርሱ ባለበት ቀረ። በእንግሊዝ አገርም የሆነው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ገንዘብ አንድ ቀን በድንገት ቢቆረጥ ሰው ይጮኻል፤ እንዲህ ቀስ እያለ ሲሟሽሽ ግን የሚጮኽ የለም።

ወይዘሮ ባርባራ ግን ጮኹ። ከ1990 ጀምሮ የላይኛው ምክር ቤት፣ ማለት የጌቶች ምክር ቤት አባል ስለነበሩ፣ በዚያም በፓርቲያቸው ጉባኤም ያው ጥያቄያቸውን ያነሡ ነበር፤ ገመዱ ይመለስ ነው። በ1996 በራሳቸው ፓርቲ ጉባኤ ላይ ተከራክረው ድምፅ አልቀናቸውም። በ1997 የራሳቸው ፓርቲ ሥልጣን ያዘ፤ ገመዱ ግን አልተመለሰም። በኤፕሪል 2000 ዋጋ የጨመረው 1.1 ከመቶ ብቻ ነው ተብሎ የአንድ ጡረተኛ የሳምንት ክፍያ ከ66 ፓውንድ ከ75 ሳንቲም ወደ 67 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ከፍ አለ። ጭማሪው 75 ሳንቲም ብቻ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አሠራሩም ሕጉን የተከተለ ነው። ጡረተኛው ግን እንደ ስድብ ቆጠረው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር የፓርቲው ጉባኤ መሪዎቹን ተቃውሞ ገመዱ ይመለስ ሲል ድምፅ ሰጠ። በተከታዩም ዓመት ለአንድ ጡረተኛ 5 ፓውንድ ተጨመረ።

እዚህ ላይ የተቃዋሚዎቻቸውን ቃልም መናገር ተገቢ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን፣ ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል ከመጨመር ያለውን ገንዘብ ለተቸገረው ጡረተኛ ለይተን እንስጥ ይሉ ነበር። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም፤ ሣጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ የተቆጠረ ነው። ወይዘሮ ባርባራ ግን ጡረታ ሰው ሠርቶና አዋጥቶ ያገኘው መብት ስለሆነ፣ ድኽነቱን እያስመዘገበ የሚለምነው ምጽዋት መሆን የለበትም ብለው ይመልሱ ነበር። እርዳታው የሚገባቸው ብዙ አረጋውያን በእፍረትም በቅጹ ብዛትም ሳይጠይቁ መቅረታቸው በእርግጥ ታይቷል። እኛ ከሁለቱ ማን ልክ ነበር ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን ያን ቅጽ ስንሞላና ስናስሞላ የኖርን ሰዎች ስለሆንን፣ አንድ ሽማግሌ ድኽነቱን ለማያውቀው ሰው ሲያስረዳ ፊቱ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

ወይዘሮ ባርባራ ካስል በሜይ 3 ቀን 2002 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ። ገመዱ ሲመለስ አላዩም። በ2007 በወጣው ሕግ ጡረታ ከደመወዝ ጋር ዳግመኛ እንዲታሰር ተወሰነ። ከ2011 ጀምሮም ከደመወዝ፣ ከዋጋና ከ2.5 ከመቶ ከበለጠው ጋር እንዲያድግ ተደረገ። ይህ ደግሞ ለወጣቱ ግብር ከፋይ ሸክም ሆነ የሚሉ ስላሉ ክርክሩ አሁንም አላበቃም።

አሁን ያዙልን ወዳልናችሁ ወደ 20 ፓውንዷ የቀብር እርዳታ እንመለስ። በ1958 ወደ 25፣ በ1967 ወደ 30 ፓውንድ ከፍ አለች። ከዚያ በኋላ ግን እዚያው 30 ላይ ቆመች። ዋጋው ሁሉ ሲንር፣ ሣጥን ሠሪውና ቀባሪው ሲያስወድዱ፣ እርሷ 30 ፓውንድ ነች። እኚያ ብርቱ ሴት እንኳ ሚኒስትር በነበሩበት በ1974፣ በ1975 እና በ1976 አልጨመሩባትም። በመጨረሻ በ1987፣ አንድም ቀብር የማትሸፍን ሆና ከቆየች በኋላ፣ ተሰረዘች። ጡረታው ገመዱ ስለተቆረጠ የሚጠይቅለት ሰው አገኘ። የቀብሩ ገንዘብ ግን መጀመሪያውኑ ከምንም ጋር ስላልታሰረ፣ ለድኻ የሚሟገቱት ሰዎችም ሳይቀሩ ረሱት። እንግዲህ ከታሪኩ ሁሉ እኛን የነካን ይህ ነው። የተረሳው ሰው ስለከፋ አይደለም፤ የሚያስታውስ ደንብ ስላልነበረ ነው።

የተከበራችሁ እድርተኞች፤

የመንግሥት ጡረታ ልክ በዚህ አዳራሽ የሚወሰን አይደለም። የእድራችን ክፍያ ልክ ግን በእኛ እጅ ነው። መተዳደሪያ ደንባችንን ገልጠን ስናየው፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ በቁጥር ተጽፏል፤ ከምን ጋር እንደሚያድግ ግን አልተጻፈም። ያ ቁጥር በተጻፈ ጊዜ ሣጥን ገዝቶ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ለንፍሮና ለቡና ይተርፍ እንደ ነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ዛሬ ለሣጥኑም አይበቃ። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር በለቅሶው መካከል ባርኔጣ ይዞራል፤ ብዙ ወዳጅ ያለው ብዙ ይሰበሰብለታል፣ ብቻዋን የኖረች አሮጊት ግን ያው በደንቡ ቁጥር ትቀበራለች። እድር የቆመው ለዚህ ነው እንዴ?

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ገንዘብ ያዣችን በየዓመቱ ከጠቅላላ ስብሰባው አንድ ወር አስቀድሞ የሣጥን፣ የመቃብር ቁፋሮና የመኪና ኪራይ ዋጋ ጠይቆ በአንድ ወረቀት ያቅርብልን። ክፍያውም መዋጮውም በዚያ ወረቀት ተመዝኖ በዓመት በዓመት ይወሰን። ክፍያው ከጨመረ መዋጮውም እንደሚጨምር አንደብቃችሁም፤ የጎርደን ብራውን ጥያቄ ለእኛም ይቀርብልናል። መዋጮው የሚከብዳቸው አባሎች ስላሉ፣ እነርሱን የምንደግፍበትን መንገድ ኮሚቴው አብሮ ያስብበት። ዋናው ነገር ግን ነገሩ በየዓመቱ በግድ እንዲነሣ በደንቡ ይጻፍ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል።

ወይዘሮ ባርባራ የለፉለት ነገር እርሳቸው ካለፉ በኋላ የተመለሰው፣ አንድ ጊዜ በሕግ ተጽፎ ስለነበረና ሰው ስላልረሳው ነው። እኛም ከዚህ ድንኳን ሥር ተራ በተራ እናልፋለን። ለሚተኩን የምንተውላቸው የሣጥን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘቡ እንዳይሞት የሚጠብቀውን አንቀጽ ጭምር ቢሆን ደስ ይለናል።