ለሃያና ዐዳዳ፦ ህፃን ለምንይዝ እህቶች
(በአርብ ስብሰባችን የተደረገ ንግግር)

ብዙዎቻችን ውላችን ላይ የተጻፈው «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ነው፤ ሌሊቱን ከህፃኑ ጋር የምናድረው ግን እኛ ነን። ህፃኑ አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ዝም እንዲል ስለሚጠባው ለሃያ፣ ጥርስ ሲያወጣም ስለሚያኝከው ዐዳዳ ላውራችሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ክር ነው። ለሃያው እንዳይወድቅ ብለው አንገቱ ላይ ወይም ከአልጋው ጋር ያስሩታል። ህፃን ሲገላበጥ ክሩ ይጠመጠምበታል፣ ድምፅ እንኳን ሳያሰማ ሊታነቅ ይችላል። ልብሱ ላይ የሚያዝ አጭር መቆንጠጫ ያለው ይሻላል፤ እሱም ሲተኛ ይውለቅ። ተኝቶ ለሃያው ከአፉ ከወደቀ መመለስ አያስፈልግም። ለቡዳ ብለው የሚሰኩትን ሰማያዊ ዶቃም እዩት፣ ከተበጠሰ ጉሮሮ ይዘጋል። ለማዳም «አውጪው» ማለት ከባድ ነው፣ እምነቷን የናቅሽ ይመስላታል። «ከፍ አድርገን ግድግዳው ላይ እንስቀለው» ብትሏት ይቀላል።

ሌላው ማር ነው። አያቶቹ ለሃያውን ማር ውስጥ ነክረው ይሰጣሉ። በክፋት አይደለም፤ እኛስ አገር ለአራስ ልጅ ቅቤ እናልስ የለም? ነገር ግን አንድ ዓመት ያልሞላው ህፃን ማር አይቀምስም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም አንጀቱ ውስጥ ተራብቶ መርዝ ይሠራል። ህፃኑ ሆዱ ይደርቃል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ሰውነቱ ይዝላል። ቦቱሊዝም ይባላል። ማሩ ቢፈላም ጀርሙ አይሞትም። «አሰል መምኑዕ፣ ቤቢ ሰጊር፣ ኢስአሊ ዱክቶር» በሏት። ዶክተሩን ትጠይቅ፣ ከእናንተ አፍ ከሚወጣ ከእሱ ይውጣ።

ለሃያው አዲስ ሲሆን 5 ደቂቃ ይቀቀል። ከዚያ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ወድቆ በራሳችን አፍ ጠርገን መመለስ ይቅር። በየቀኑ ጫፉን ይዛችሁ ጎተት አድርጉት። ከተሰነጠቀ፣ ከተጣበቀ ወይም ከላላ ይጣል። ሲርበው ግን ወተት እንጂ ለሃያ አይሰጠውም።

ዐዳዳውን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ድዱን ይጎዳዋል። ውስጡ ውሃ ያለው ከሆነ ሲነክሰው ሊፈስ ይችላል፣ ድፍኑ ይሻላል። ድድ ላይ የሚቀባውን የሚያደነዝዝ ጄል ሐኪም ሳያዝ አትቀቡ። ቤንዞኬይን ያለበት ከሆነ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

«ጥርስ ነው» እየተባለ በሽታ ይታለፋል። ጥርስ ያነጫንጫል፣ ለሃጭ ያስመጣል እንጂ ከባድ ትኩሳት አያመጣም። በተለይ 3 ወር ያልሞላው ህፃን 38 ዲግሪ ከደረሰ ወዲያው ሐኪም ይየው። ማዳም ሥራ ላይ ከሆነች ደውሉላት፤ ቴርሞሜትሩንም ፎቶ አንስታችሁ በዋትሳፕ ላኩላት፣ ሰዓቱ አብሮ ይመዘገባል። ፎቶውን ከስልካችሁ አታጥፉት።