ያላወቃችሁት ተቆራጭ

አቅራቢ፦ ወገል ጤና ላይ ኦፓል ሸጣችሁ ብሩ በባንክ ገባላችሁ እንበል። በማግስቱ ሒሳባችሁን ጎድሎ ብታገኙት “ባንክ ነው፣ ምን ይደረጋል” ብላችሁ አትለፉት። ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች ክፍያቸውን እንዲያሳውቁ፣ ቅሬታም ተቀብለው እንዲመልሱ ያስገድዳል።

የተቆረጠ ሁሉ ስህተት አይደለም፤ የማስተላለፊያ ክፍያ አለ፣ በእሱም ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሒሳብ መግለጫ አውጡና ቀኑን፣ የብሩን መጠንና የግብይት ቁጥሩን ለዩ።

ከዚያ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ አመልክቱ። በቃል የተነገረ ቅሬታ፣ መቼም እናውቀዋለን፣ ደጃፉን ሳይሻገር ይረሳል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሆናችሁ 951 ላይ መደወልም ትችላላችሁ። ባንኩ አጥጋቢ መልስ ካልሰጠ አቤቱታችሁን ለብሔራዊ ባንክ አቅርቡ፤ ቅርንጫፉ ሲቀበል ማኅተም ያሳረፈበትን የማመልከቻችሁን ቅጂ ማያያዝ አትርሱ።