መለኪያና ተለኪ፦ ስለ አገር አቀፍ ፈተናዎች አጠቃቀም

በማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ፣ በሲ.ኤም.ሲ የቀረበ ንግግር



በመሐንዲስ ሙያ መለካት የዕለት ተዕለት ተግባር ነው። አፈሩ ሳይመረመር መሠረት አይጣልም፤ ኮንክሪቱ ሳይፈተን ፎቅ በፎቅ ላይ አይጫንም። ስለሆነም የአገር አቀፍ ፈተናን ጉዳይ የትምህርት ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ መሐንዲሶችም ቢመረምሩት ከሙያቸው የወጣ ነገር አይሆንም። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ለአንድ ተግባር የተሠራ መለኪያ ለሌላ ተግባር ሲውል የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው።

ፈተናው ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ በጀመረበት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ይቀመጡ ነበር። በኋላ የአገሪቱ የራሷ የትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ተተካ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ማትሪክ» ይለዋል። የስምንተኛ ክፍሉንም «ሚኒስትሪ» ብሎ ሰይሞታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከልጅነቱ እስከ ምረቃው በፈተና በሮች ውስጥ ያልፋል ማለት ይቻላል።

ፈተናው ውለታ የለውም ማለት አይደለም። ዘመድና አማላጅ ብዙ በር በሚከፍትበት አገር «የማን ልጅ ነህ» ሳይል የሚያስገባ በር ቢኖር ይኸው ፈተና ነበር። ከገጠር መጥተው ዛሬ ድልድይና ግድብ የሚሠሩ ባለሙያዎች ያለ ማትሪክ ይህን ዕድል ባላገኙ ነበር። እንግዲህ ክርክሩ ፈተና ይኑር አይኑር የሚል ሊሆን አይገባውም።

ችግሩን ለመረዳት የሙያው ምሳሌ ይበጃል። በአንድ የግንባታ ሥፍራ ኮንክሪት ሲሞላ የናሙና ኪዩቦች ተወስደው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይጨመቃሉ። ውጤቱ ከተፈለገው በታች ሲሆን ኪዩቡን የሚወቅስ መሐንዲስ የለም። አሸዋው ጭቃ ነበረበት ወይ? ውሃው በዝቷል ወይ? ከተሞላ በኋላ ውሃ ሲጠጣ ሰንብቷል ወይ? ብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመረምራል። ከዚያም ከምሶሶው ራሱ ናሙና ቆርጦ በማውጣት ሁለተኛ ልኬት ይወስዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኪዩብን ደጋግሞ መጭመቅ ኮንክሪትን እንደማያጠነክር ያውቃል።

በትምህርት ቤት የሚደረገው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ የ12ኛ ክፍል ፈተና በጠቅላላ መሰረዙ የሚታወስ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ኩረጃው ሲገታ እውነቱ መገለጡ መልካም ነው፤ መለኪያው ሐቀኛ ሆኗል። ሆኖም ከአንድ ሥፍራ የመጡ ኪዩቦች አንድ ሳይቀሩ ሲወድቁ የሚጠየቀው ሥፍራው እንጂ ኪዩቡ አይደለም። ፍርዱ ግን የተጻፈው በተማሪው ስም ነው። መምህር ያልተመደበለት፣ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ቤተ ሙከራ በስም ብቻ የሚያውቅ ልጅ «ወደቀ» ተባለ።

ሁለተኛው ጉድለት የመለኪያው ትብነት ነው። ጥያቄዎቹ ባለ አራት አማራጭ ናቸው፤ ምንም ሳያነብ በዕድል የሚያጠቁር ሰው ከመቶ 25 ያህል ማግኘቱ የሒሳብ ሕግ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት አገር አቀፉ አማካይ ውጤት ከ30 በታች ነበር። ስለዚህ ፈተናው ከላይ ያሉትን ጥቂቶች በደንብ ቢለይም፣ 27 ባመጣውና 31 ባመጣው መካከል ያለው ልዩነት የዕውቀት ይሁን የዕድል በቅጡ ሊናገር አይችልም። ጭነት መኪና የሚመዝን ሚዛን ለቡና ቅንጣት አይሆንም፤ ሚዛኑ ስለተበላሸ ሳይሆን ለዚያ ስላልተሠራ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት በማስተማሩ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። በምርጫ ጥያቄ የማይለካ ነገር ከክፍል ቀስ በቀስ ይጠፋል። ድርሰት መጻፍ፣ ሙከራ ሠርቶ ውጤቱን ማስረዳት፣ ንድፍ መንደፍ፣ ተሳስቶ ስሕተትን መፈለግ ነጥብ አያስገኙም። የድሮ ፈተናዎችን ማጥናት ግን ያስገኛል። እነዚህ ከክፍል የተባረሩት ችሎታዎች የምሕንድስና ሥራ ዋልታዎች መሆናቸውን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም።

አራተኛውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሲ.ኤም.ሲ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ነው። ዛሬ በዙሪያው የግል ትምህርት ቤቶች ተበራክተዋል፤ ወላጅም ከመደበኛው ክፍያ በላይ ለአስጠኚ ይከፍላል። ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የእንጦጦ ተራሮች ይታያሉ፤ ከዚያ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ልጆችም የሚቀመጡት ለዚያው ፈተና ነው። ወረቀቱ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ አይደለም። በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ከክፍል ርቀው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የተፈተኑት የትግራይ ተማሪዎች መንገድማ ከሁሉም የከፋ ነበር።

የውጭው ዓለም ልምድ በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. በወረርሽኙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለውን ፈተና ግዴታ ማድረጉን ትቶ በ2022 መለሰው። ምክንያቱም ፈተናው ሲቀር ከደካማ ትምህርት ቤት የመጣ ጎበዝ ልጅ ችሎታውን የሚያሳይበት ማስረጃ አነሰው። ይሁንና ውጤቱን ብቻውን አይመለከትም፤ ተማሪው ከየት ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ አብሮ ይመዝናል። በፊንላንድ ደግሞ የመልቀቂያውን ፈተና ተማሪው በተከታታይ ሦስት የፈተና ወቅቶች ከፋፍሎ መውሰድ ይችላል፤ መልሱንም በሰፊው ይጽፋል።

በኢትዮጵያም መልካም ጅምር አለ። ግማሽ ነጥብ ሳይሞላላቸው የቀሩ ብዙ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር፣ በተለምዶ «ሪሜዲያል» በሚባለው፣ ለጥቂት ወራት ተምረው እንደገና እንዲመዘኑ ተደርጓል፤ ከእነርሱም ያለፉት ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ከምሶሶው ሁለተኛ ናሙና መውሰድ ማለት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ልኬት የመጨረሻ ፍርድ እንዳልነበረም ያስረዳል።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ተማሪን መምረጥ፣ ትምህርት መጨረሱን ማረጋገጥና ትምህርት ቤትን መመዘን ሦስት ተግባሮች ናቸውና በአንድ ወረቀት ባይጠቃለሉ። ሁለተኛ፣ የየትምህርት ቤቱ ውጤት ሲገለጽ የመምህሩ፣ የመጽሐፉና የቤተ ሙከራው ሁኔታ አብሮ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ የተማሪው የዓመታት ሥራ በታመነ መንገድ ተመዝግቦ ድርሻ ያግኝ። የመጨረሻው ቀላል አይደለም፤ የክፍል ውጤት በየትምህርት ቤቱ የሚጋነን ከሆነ ከፈተናው የባሰ ዳኛ ይሆናል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያስፈልገው ብቁና የተከበረ መምህር ነው። ለብዙ ዘመን መምህራንን ሲያፈራ የኖረው የኮተቤ ተቋም ከዚህ ሥፍራ በቅርብ ርቀት ይገኛል፤ ማኅበሩ ከዚያ ጋር ተባብሮ ቤተ ሙከራዎችን በማደራጀት ቢጀምር ከአቅሙ በላይ አይሆንም።

ክቡራን አባላት፣ በየዓመቱ ውጤት ሲነገር አገሩ ሁሉ ስንት ተማሪ እንዳለፈ ይጠይቃል። ከእንግዲህ ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት እንደተጠገነም ይጠየቅ። ለልኬት የሚወጣ ገንዘብ ተገቢ የሚሆነው ጥገና ሲከተለው ነው።